የእማዬ ጣውንት ለምን ትፈላለች

መኪና ስለተበላሸ አልናደድም። ብልሽት እንጀራዬ ነው። የሚያናድደኝ ሁሉንም ፈትቼ፣ ሁሉንም አይቼ፣ ሁሉንም ቀይሬ፣ አሁንም እዚያችው ቦታ ደርሳ ስትፈላብኝ ነው። በጋራዡ ሠፈር ክብሪት ነው የሚሉኝ። ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች አልዋሹም፤ የወረወርኩት ቁልፍ የጎረቤቴን የበያጁን ቆርቆሮ አጥር በስቶ ያለፈበት ቀን አለ፣ ቀዳዳው አሁንም አልተደፈነም። ግን በዚያ ሰሞን የያዘኝን ንዴት የሚያክል በዕድሜዬ አላየሁም፤ ምክንያቱም መኪናዋ የደንበኛ አልነበረችም። እናቴን ወደ ኩላሊት እጥበት የምታመላልስልኝ መኪና ነበረች።

የአባቴ መኪና ናት። ከእኔ የምታንሰው በሦስት ዓመት ብቻ ነው። አባቴ የፖስታ ቤት ሹፌር ነበር፤ ስድስት ቀን የመንግሥት መኪና ሲነዳ ሰንብቶ ሰባተኛውን ቀን የራሱ መኪና ሥር ተኝቶ ይውላል። እማዬ ምሳ ቀርቧል ብላ ሦስቴ ጠርታ የሚወጣላት እግሩ ብቻ ነበር። ስለዚህ መኪናዋን ጣውንቴ ትላታለች። «ጣውንቴ ዛሬ እንዴት አደረች?» ትለዋለች፤ አባቴም እንዳልሰማ ሆኖ ያፏጫል።

አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። መኪናዋን የተረከብኩ ዕለት ለማንኛውም አሮጌ መኪና የማደርገውን አደረግኩላት፤ ዘይቷን ቀየርኩ፣ ካንዴላዋን አጸዳሁ፣ አያስፈልጋትም ያልኩትን ነገር ከሞተሯ አውጥቼ ጣልኩ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ለሜዳ ለትንሽ ጉዳይ ስነዳት ምንም አላለችኝም። ድምጿን ሰምቼ፣ ከአባቴ የተሻለ እጅ አገኘች እያልኩ እኮራ ነበር። ይህን አሁን ስናገር አፍራለሁ።

ከስድስት ወር በፊት የእማዬ ኩላሊት ሥራ አቆመ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ትሁን ተባለ። የእጥበት ማዕከሉ ያለው ከከተማው ዳር፣ ትልቁ ዳገት አናት ላይ ነው። ማን እዚያ እንደሰቀለው አላውቅም፤ በሽተኛ እንዳይደርስበት ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ተራዋ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ ያረፈደ ሰው ወንበሩ ለሌላ ይሰጣል። በሚኒባስ እንዳትሄድ ጉልበቷ አያወጣትም። ታክሲ ጠርተን ሁለቴ መጣሁ መጣሁ እያለ ቀርቷል። የቀረችን ጣውንቷ ነበረች።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ አንድ ረጅም ግራጫ ግንብ አለ። እዚያ ግንብ ጋ ስንደርስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ይነካል፣ ኮፈኑ ሥር ማንቆርቆሪያ የተጣደ ይመስል መንተክተክ ይጀምራል። እቆማለሁ። እማዬ ታጣፊ በርጩማዋን ይዛ ወርዳ ግንቡን ተደግፋ ትቀመጣለች። እኔ እስኪበርድ እየጠበቅኩ ውሃ እጨምራለሁ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ነበር፣ ኋላ በየጉዞው ሆነ።

የራዲያተሩን ክዳን ቀየርኩ። ክዳን ካልጠበቀ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ረቡዕ ግንቡ ጋ ፈላች። ማራገቢያዋን አየሁ፣ ነፋሷ ባርኔጣ ይጥላል። ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ አወጣሁት፤ ክንፎቹ አንዱም አልተበላም፣ ግን እልህ ይዞኝ ቀየርኩት። ዓርብ ፈላች። ከዚያ እጄን ራዲያተሩ ላይ ሳሳርፍ አንድ ነገር አገኘሁ። ሞተሩ እየነደደ የራዲያተሩ ታች ለብ ብሎ ነው ያለው። አገኘሁሽ አልኩ። ተደፍኗል ማለት ነው፤ የሚነደው ውሃ ማለፊያ አጥቶ ነው። አውጥቼ ውሃ ብለቅበት ከላይ የገባው ከታች እንደ ቧንቧ ወረደ። ዓይኔን አላመንኩም፣ አዲስ ገጠምኩ። የአዲሱም ታች ለብ አለ፣ እሷም ፈላች።

ከዚያ ወዲያ ማሰብ ተውኩና ሥራዬ መፍታት ብቻ ሆነ። ቱቦዎቿን በሙሉ ቀየርኩ። አየር ይዞ ይሆናል ብዬ አፍንጫዋን ሽቅብ አቁሜ ግማሽ ቀን አስተነፈስኳት። የሞተሯን ክዳን አንስቼ ማሽን ቤት አስጠረብኩ፣ በክዳኑና በሞተሩ መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን አዲስ አደረግኩ። በያጁ በቀዳዳው በኩል ብቅ ብሎ፣ አዲስ ያልሆነው ታርጋዋ ብቻ ነው አለ። ቁልፍ ፈለግኩ፤ ደግነቱ በእጄ የነበረው ጨርቅ ነበር።

አሁን በምነግራችሁ ዓርብ ዕለት ግንቡ ጋ አርባ ደቂቃ ቆምን። ነፋስ ነበር። እማዬ በርጩማዋ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ፣ እግሯ አብጦ ጫማው ተረከዟ ላይ ታጥፎ፣ መንገደኛው እያያት ተቀምጣለች። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ ውሃ ሰጠኝና እሷን አይቶ «አይዞዎት እናቴ» አላት። ያን ጊዜ ሆድ ባሰኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መኪና አዳንኩ ስል ኖሬ የእናቴን ማዳን አቃተኝ።

ስንደርስ ወንበሯ ተይዞ ነበር። ነርሷ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል፣ ሲያዩዋት የምታስፈራ ሴት ናት፤ እንዴት እንዳደረገችው እንጃ ሌላ ቦታ አመቻቸችላት፣ ግን ከአራት ሰዓቱ ሁለት ተኩሉን ብቻ ነው ያገኘችው። መርፌዎቹን ከሰካች በኋላ የደም ምርመራዋን ወረቀት አገላበጠች። እማዬ ሰዓቷን ሙሉ ስትቀመጥ በነበረባቸው ሳምንታትም ደሟ የሚገባውን ያህል አልጠራም ነበር። ማሽኑን አየች፣ ቱቦውን አየች፣ መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብላ ክንዷን አየች።

«ማሽኑ ደህና ነው፣ እርስዎም ደህና ነዎት» አለቻት። «ሁለቱ መርፌዎች ተቀራርበው ነው የሚወጉት። የታጠበው ደም ወደ ሰውነትዎ ሳይገባ በአጭሩ ዞሮ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ማሽኑ ያጠበውን መልሶ ያጥባል።»

አንዱን መርፌ ነቅላ ራቅ አድርጋ ሰካችው። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሰምቻለሁ ስል ጆሮዬ ሰማ ማለቴ ነው፤ ልቤ ታች መኪናዋ ጋ ነበር።

ስንመለስ ቁልቁለት ስለሆነ ጣውንቷ እንደ ደህና ልጅ ጸጥ ብላ ወረደች። ግንቡን ስናልፍ እማዬ በመስኮት እያየች ተናገረች።

«ሰኞ እዚህ ጋ ከቆመች ወደ ላይ አትውሰደኝ። አዙረህ ቤቴ አስገባኝ። ከዚያ ወዲያ አልሄድም።»

ምን ማለትሽ ነው ብዬ ጮህኩባት። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። እናቴን አውቃታለሁ። እያለቀሰች ያለችውን ሲነጋ ትረሳዋለች፤ ረጋ ብላ ያለችውን ግን አባቴም በሕይወት ዘመኑ አንድ ቀን አስለውጧት አያውቅም። እጥበት የተወ ሰው ስንት ቀን እንደሚቆይ ሐኪሙ መጀመሪያውኑ ነግሮኛል። በጣቴ ቆጥሬ አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡን ዘግቼ እናቴ ግቢ ውስጥ መኪናዋ ላይ አቀረቀርኩ። ምን እንደምሠራ አላውቅም ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ማፍጠጥ ብቻ። እማዬ ወንበር አስወጥታ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የአባቴን አሮጌ ሹራብ እየተረተረች ክሩን ትጠቀልላለች። አንዱን እጅጌ ጨርሳ ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ ጠየቀችኝ። እኔን ሙያዬን የጠየቀችኝ መሰለኝና ቱግ አልኩ፤ በየት እንደሚሄድማ አውቃለሁ አልኳት። ማወቅህን አልጠየቅኩህም፣ በጣትህ አሳየኝ አለች። ክሯን ይዛ ተነስታ አጠገቤ ቆመች።

ጣቴን ከሞተሩ አስነሳሁ። ሞቆ እዚህ ይወጣል፣ በዚህ ትልቁ ቱቦ ራዲያተሩ አናት ይገባል፣ በርዶ ከታች ይወጣል፣ በፓምፑ በኩል ይመለሳል። እማዬ ጣቴን እየተከተለች ቆይታ አውራ ጣት የምታክል አጭር ቱቦ ላይ ዓይኗ አረፈ። ከሞተሩ አፍ ወጥታ እዚያው ፓምፑ ላይ የምትገባ ቱቦ ናት።

«ይቺስ?»

ይቺ አጭሯ መንገድ ናት አልኳት። ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ውሃው ራዲያተሩ ጋ መሄድ አያስፈልገውም፤ በዚች በኩል ዞሮ ወደራሱ ይመለስና ቶሎ ይሞቃል።

«ሲሞቅስ? ማነው የሚዘጋት?»

ክው ነው ያልኩት። የሚዘጋት ቴርሞስታቱ ነበር። እሱ ደግሞ የለም። እኔው ነኝ የጣልኩት።

እዚህ ላይ የሙያችንን ጉድ ልንገራችሁ። ቴርሞስታት የእንቁላል ግማሽ የምታህል የነሐስ ነገር ናት፤ ውሃው መውጫ ላይ ተቀምጣ እስኪሞቅ ትዘጋለች፣ ሲሞቅ ትከፍታለች። አልፎ አልፎ ዘግታ ትቀራለች፣ ያን ጊዜ ሞተር ይቃጠላል። ስለዚህ እኛ የሞቃት አገር መካኒኮች ነገሩን በአቋራጭ ጨርሰነዋል። ብርድ በሌለበት ምን ትሠራለች፣ ውሃ ከማነቅ በቀር፤ እያልን አሮጌ መኪና በገባ ቁጥር አውልቀን እንጥላታለን። ያስተማረኝም ሰው ይጥል ነበር፣ እኔም ያስተማርኳቸው ይጥላሉ። በብዙ መኪና ላይ ምንም አይመጣም። እንደዚች ባለው ሞተር ላይ ግን ታችኛው ጫፏ ሌላ ሥራ አለው። ረጅሙን መንገድ ስትከፍት፣ በዚያው ቅጽበት፣ አጭሩን መንገድ ትደፍናለች። እሷ ከሌለች አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ውሃ ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ አጭር መንገድ እያለለት ሩቅ አይሄድም።

«እንደኔ ደም ሆኗላ» አለች እማዬ ክሯን እየጠቀለለች። «ጣውንቴም እንደኔ ሆናለች። ራዲያተሩ ደህና፣ ሞተሩም ደህና፤ ግን አይደራረሱም።»

ዞሬ አየኋት። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። መንጃ ፈቃድ ይዛ አታውቅም፣ ጎማ ተንፍሶ ከሆነ እንኳ «እግሯ ታሟል» ነው የምትለው። እኔ ስድስት ወር ስፈታ ስገጥም የከረምኩትን፣ እሷ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቶ ተኝታ አንድ ጊዜ በሰማችው ነገር ደረሰችበት። ምን እንደተሰማኝ በትክክል ልናገር፤ ፈራኋት። ልጅ ሳለሁ እንደምፈራት ዓይነት ሳይሆን፣ ትልቅ ነገር ፊት የቆመ ሰው እንደሚፈራው።

ልፈትነው አልኩ። ጨርቅ ጠቅልዬ አጭሯን ቱቦ በፒንሳ አንቄ ያዝኳትና ሞተሩን አስነሳሁ። እጄን ራዲያተሩ ታች ላይ ዘረጋሁ። ቀዝቃዛ ነው። ቆየሁ። ለብ አለ። ሞተሩ እየሞቀ ሲመጣ ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በመዳፌ ተከተልኩት፣ እስኪያቃጥለኝ ድረስ። እጄን ነጠቅኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቃጠሎ የለም። የእማዬንም እጅ ይዤ ጨርቅ አልብሼ አስነካኋት።

«ደረሳት» አለች።

ቱቦዋን እንደታነቀች መተው አይቻልም፤ ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቱቦዋም ትቀደዳለች። ቴርሞስታት መግዛት አለብኝ። ግን ሁሉም የሚጥለውን ማን ይሸጣል? አምስት መለዋወጫ ቤት ሄድኩ፣ አምስቱም ሳቁብኝ። ስድስተኛው ጋ፣ መደርደሪያው ኮርኒስ የሚነካ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ሻጭ አለ። የመኪናዋን ዓይነት ስነግረው ቀና ብሎ መልኬን ማየት ጀመረ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። መሰላል ላይ ወጥቶ አቧራ የለበሰች ትንሽ ካርቶን አወረደ።

«አባትህ ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ። ሁለት ሁለት ዓመት ሲሞላ እየመጣ ይቀይር ነበር። መጨረሻ የመጣ ጊዜ አንድ ትርፍ አስቀምጥልኝ፣ ነገ አይገኝም አለኝ። ይኸው።»

ካርቶኗን በሁለት እጄ ይዤ ከሱቁ ወጣሁ። ሥራውን እንደምችል ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ የሚችለው ሰው ግን ሞቶም እየሠራልኝ ነበር።

ከመግጠሜ በፊት ልፈትሻት ወሰንኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስጥላት ኖሬ ስትሠራ አንድ ቀን አይቻት አላውቅም፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። የእማዬ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ምድጃው ላይ ስትወድቅ፣ ትንሽ ድስት ውሃ ጣድን። ቴርሞስታቷን በአባቴ ሹራብ ክር አንጠልጥለን ውሃው ውስጥ አስገባናት። እማዬ በርጩማዋን አምጥታ ተቀመጠች፣ እኔ ቆምኩ።

ምንም የለም። ከታች ትናንሽ አረፋ መነሳት ጀመረ፣ አሁንም ምንም የለም። እንፋሎት ወጣ። ተበላሽታ ይሆናል አልኩ፤ ከሦስት ዓመት በላይ ካርቶን ውስጥ ተቀምጣለች። ያን ጊዜ የነሐሷ ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ታየች። ማንም አልነካትም። መስመሯ ሰፋች፣ እንደ ዓይን ቆብ ቀስ ብላ ተከፈተች፤ ታችኛው ጫፏም በዚያው ልክ ወደ ታች ወረደ፣ አጭሩን መንገድ ሊደፍን። ውስጧ ያለው ሰም ነው። ሰም ብቻ። ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይገፋል። ኤሌክትሪክ የላት፣ ሽቦ የላት፣ የሚያዛት የለ፤ መቼ መክፈት እንዳለባት ታውቃለች።

እሳቱን አጠፋሁ። ውሃው እየበረደ ሲሄድ እሷም ቀስ እያለች ተዘጋች። እንደገና ለኮስኩ፣ ተከፈተች። አራት ጊዜ ነው ያየነው። እኔ በዚያ ሰዓት ስለ መኪናው አላስብም። የጣልኳቸውን አስብ ነበር፤ በጋራዡ ጥግ ባለው በርሜል ውስጥ፣ ከብሎንና ከቆሻሻ ጋር፣ በጣት የማይቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው እንዲህ ማድረግ የሚችሉ። ያልገባኝን ነገር ሁሉ ትርፍ ነው ስል ኖሬያለሁ።

«ይሄን ነው የጣልከው?» አለች እማዬ በመጨረሻ።

«ይሄን ነው» አልኳት።

ተቆጥታ ይሆናል ብዬ ነበር። እሷ ግን ድስቷን ጎንበስ ብላ እያየች፣ ይሄን የሠራ እጅ ይባረክ አለችና ክሬን መልስልኝ አለች።

ሰኞ ንጋት ላይ ተነሳን። እማዬ በርጩማዋን ይዛለች፤ እንዳትይዢው ማለት ፈልጌ ፈራሁ። ሜዳውን ጨርሰን ዳገቱ ሲጀምር ማርሽ ቀነስኩ። ቀስቱ እኩሌታ ላይ ነው። እኔ መንገዱን በአንድ ዓይን፣ ቀስቱን በአንድ ዓይን እያየሁ ነው የምነዳው። ግንቡ መጣ። መሪውን ጨብጬ ያዝኩ። ቀስቱ ትንሽ ወጣ አለ፣ ከዚያ ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር የተከፈተ ያህል ተመልሶ ወረደና እኩሌታው ላይ ተቀመጠ። የሆነ ነገር መከፈቱን አውቅ ነበር። አይቻታለሁ። ግንቡ በመስኮቱ በኩል አለፈ፣ አለፈ፣ አለቀ። እማዬ አንገቷን አዙራ እስኪጠፋ አየችው።

ከተራዋ ሃያ ደቂቃ ቀድመን ደረስን። ነርሷ መርፌዎቹን አራርቃ ወጋች። ደሙ በቱቦው ሲወጣ ዛሬ ሸሽቼ መስኮት አላየሁም። መንገዱን በጣቷ እንድታሳየኝ ነርሷን ለመንኳት። ከክንዷ እዚህ ይወጣል፣ በዚህ ይዞራል፣ በዚህ ማጣሪያ ያልፋል፣ በዚህ ይመለሳል አለችኝ። ተመላሹን ቱቦ እንድነካው ፈቀደችልኝ። በጣቴ ሥር ለብ ያለ ነገር ይሄዳል፣ አያቋርጥም። እናቴ ናት። ስድስት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ይህ ነገር ከጎኔ ሲደረግ እኔ ስለ ራዲያተር ስበሳጭ ነበር። እንባዬ መጣ፣ አልከለከልኩትም።

እማዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር። የተኛች መስሎኝ ልወጣ ስል ሳትገልጥ ተናገረች።

«ረቡዕ በስንት ሰዓት ነው የምትመጣልኝ?»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አልኳት።

«አታርፍድብኝ» አለች፤ «በርጩማውን ግን ጋራዥህ ውሰደው።»